ከሶር ፏፏቴ ሥር ምን አለ?

ከመቱ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጕዞ፥ መኪናውን ከመንደር አቁሞ፥ ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ በእግሩ የሚወርድ መንገደኛ የሶርን ፏፏቴ ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። ድምፁ በመጀመሪያ ነፋስ ይመስላል፤ ቀጥሎ ከሩቅ የሚመጣ ዝናም ይመስላል፤ በመጨረሻ ዛፎቹ ገለል ሲሉ፥ ወንዙ 20 ሜትር ያህል ከሚሆን ገደል አፋፍ እየተወረወረ ከታች ወዳለው ጥልቅ ኵሬ ሲወድቅ ይታያል። ርጭቱ እንደ ጉም ተነሥቶ ፊትን ያረጥባል። ጉሬዛዎች ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ደርበው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላሉ።

ከአፋፉ ቆመን ስንመለከት፥ መንገድ ይመራን የነበረው የ12ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ወደ ኵሬው ወረወረና፥

«ጋሼ፥ ከዚህ ውሃ ሥር ግን ምን ይኖር ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ።

«አንተስ ምን ይመስልሃል?»

«ሽማግሌዎች ወለል የለውም ይላሉ። አንድ ጓደኛዬ ግን በበጋ ውሃው ሲቀንስ ጠልቄ አፈሩን በእጄ ይዤ እወጣለሁ እያለ ይፎክራል።»

«አንተ ምን አልኸው?»

«ምን እለዋለሁ? እኔም አላውቀው።»

ለጊዜው እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ጽፌ እልክልሃለሁ ብዬው ተለያየን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቃል መፈጸሚያ ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ሩቅ አገር ድረስ ወስዶ መለሰኝ። አንባቢም በትዕግሥት አብሮኝ ቢጓዝ አይጸጸትም።

የማይሸከም ውሃ

አስቀድሜ ለሚፎክረው ጓደኛው አንድ ቃል ልናገር። ሰው በሐይቅ ላይ የሚንሳፈፈው ውሃው ስለሚሸከመው ነው። ከፏፏቴ እግር ሥር የሚፈላው ነጭ አረፋ ግን እኩሌታው አየር ስለ ሆነ፥ እንደ ተራ ውሃ ሰውን አይሸከምም። በላዩም የሚወርደው ውሃ ዋናተኛውን ወደ ታች ይደፍቀዋል፤ ከታች ደርሶ የተመለሰው ማዕበል ደግሞ አዙሮ ወደ ፏፏቴው ይስበዋል። ከዚህ ጋር ክረምት ያመጣው ግንድ፥ ከገደሉ የተፈነቀለ አለት ሲጨመርበት፥ የጎበዝ ዋናተኛ ክንድ እንኳ ዋጋ ያጣል። የመጥለቂያ መሣሪያ የለበሰ፥ ሥራውን የተማረ ሰው ቢሆንም በእንዲህ ያለ ስፍራ አይገባም።

በአገራችን «ጠላቂ ዋናተኛ» ሲባል ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን የሐዘን ነገር ነው። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሠራተኞች መካከል ጠላቂ ዋናተኞች አሉ፤ በክረምት ወንዝ የወሰደውን፥ ውሃ ባቆረ ጉድጓድ ውስጥ ሊዋኝ ገብቶ የቀረውን ልጅ ፈልገው ለእናቱ የሚያወጡት እነርሱ ናቸው። የሚሠሩት በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ስለ ሆነ በዐይን ሳይሆን በእጅ እየዳበሱ ነው። በሌላው ዓለም ግን ሰዎች ወደ ውሃ ሥር የሚወርዱት ሕያው ነገር ለማየት ነው። እዚያ ለመድረስ የሶርን ውሃ ተከትለን እንውረድ።

ወንዙ የሚሄድበት

ሶር ከፏፏቴው በታች ተጕዞ ከገባ ወንዝ ጋር ይገናኛል፤ ገባም ከብርብር ጋር ተጋጥሞ ባሮ ይባላል። ባሮ በጋምቤላ አልፎ ሶባት ወደሚባለው ወንዝ፥ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። የኢሉባቦር ቡና ራሱ ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከጎሬ በበቅሎ ጋምቤላ ወርዶ፥ በክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ከካርቱም በኋላ መንገዱ የዓባይ ነው፤ መጨረሻውም የሜዲተራኒያን ባሕር። ከውሃው ብዙው በመስኖ ይጠጣል፥ በግድብም ላይ ፀሐይ ያተነዋል። ቢሆንም የሶር አድራሻ ያ ባሕር ነው።

የሰው ልጅ ያለ ገመድና ያለ ቱቦ፥ አየሩን በጀርባው ተሸክሞ እንደ ዓሣ መዋኘት የተማረው በዚሁ ባሕር ዳርቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። በፈረንሳይ አገር ቤንዚን ስለ ጠፋ መኪናዎች በጋዝ እንዲሄዱ ይሞከር ነበርና፥ ኤሚል ጋኛን የሚባል መሐንዲስ ለሞተሩ ጋዝን መጥኖ የሚሰጥ አነስተኛ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። የባሕር ኀይል መኰንን የነበረው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ይህን ባየ ጊዜ፥ ለሞተር የሚመጥን ለሰው ሳንባስ ለምን አይመጥንም ሲል ዐሰበ። ሁለቱ ተባብረው ያሻሻሉትን መሣሪያ ኩስቶ በ1943 ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ውስጥ ሞከረው። ዛሬ ስኩባ የምንለው ነገር ዘሩ ይህ ነው።

መሣሪያው በዐይን ሲታይ ብዙ የሚያስደንቅ አይደለም። በጀርባ የሚታዘል፥ አየር በኀይል የታመቀበት ሲሊንደር፤ ከአፍ የሚነከስ የአየር መመጠኛ፤ ዐይንና አፍንጫን የሚሸፍን መነጽር፤ እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ የጎማ መቅዘፊያ፤ ሰውነትን ወደ ታች የሚያወርድ የእርሳስ መታጠቂያ፤ ብርድ የሚከላከል የጎማ ልብስ፤ ይኸው ነው። ጥበቡ ያለው ጠላቂው በሳበ ቍጥር፥ በዙሪያው ካለው የውሃ ግፊት ጋር እኩል የሆነ አየር በመስጠቱ ላይ ነው።

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ

ይህ የግፊት ነገር ለተማሪ የሚጠቅም ስለ ሆነ ጥቂት ልግለጠው። በባሕር ወለል ላይ የቆመ ሰው በላዩ የአንድ ከባቢ አየር ክብደት ተሸክሞአል። 10 ሜትር ወደ ውሃ ቢወርድ ግፊቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ በ20 ሜትር ሦስት፥ በ30 ሜትር አራት እጥፍ። ስለዚህ በ10 ሜትር ጥልቀት ሳንባውን በአየር ሞልቶ፥ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ጠላቂ፥ ወለል ሲደርስ ያ አየር እጥፍ ሊሆን ይታገላል፤ ሳንባም ይቀደዳል። የጠላቂ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ትንፋሽህን ከቶ አትያዝ» የሚል የሆነው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ስውር ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከአምስት እጅ አራቱ ናይትሮጂን ነው። በጥልቅ ውሃ ውስጥ ግፊቱ ናይትሮጂኑን ወደ ደምና ወደ ሥጋ ያስገባዋል። ጠላቂው በዝግታ ከወጣ በሳንባ በኩል ተመልሶ ይወጣል። ከተቻኰለ ግን ነገሩ እንደ አምቦ ውሃ ጠርሙስ ነው፤ ክዳኑን በዝግታ የከፈተ ሰው ፍስ ሲል ይሰማል፥ በድንገት የከፈተው ግን ልብሱን ያበላሻል። በሰው ደም ውስጥ እንዲህ ያለ አረፋ ቢነሣ መገጣጠሚያን ያሳምማል፥ እግርን ያሰንፋል፥ አንዳንዴም ይገድላል። ስለዚህ ጠላቂዎች በአንድ ደቂቃ ከ10 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ይወጣሉ፤ ወለል ሳይደርሱም 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆመው ይጠብቃሉ።

ይህ ሕግ ለደገኛ የበለጠ ይጠብቃል። መቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በላያችን ያለው አየር በባሕር ዳር ካለው ያነሰ ነው፤ ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህል ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ስለዚህ በዚህ ከፍታ ባለ ሐይቅ ውስጥ ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው 10 ሜትር ሳይሞላ፥ በስምንት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለባሕር ዳር የተሠራውን ሠንጠረዥ ይዞ በደጋ ሐይቅ የሚጠልቅ ሰው ራሱን ያታልላል። እንደዚሁም ከምፅዋ ባሕር ጠልቆ የወጣ ሰው ያንኑ ቀን በመኪና ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለችው አስመራ ቢወጣ፥ የጠርሙሱን ክዳን በተራራ ላይ እንደ መክፈት ነው። ጠላቂዎች ከጠለቁ በኋላ አንድ ቀን ያህል ሳይቈዩ አውሮፕላን የማይሳፈሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሊገድል የወረደ ሊያይ ቀረ

ምፅዋን ካነሣን አይቀር፥ የመጥለቅ ታሪክ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ሰዎች ትንፋሻቸውን ብቻ ይዘው እየጠለቁ ዕንቍ ያወጡ የነበረው ከጥንት ጀምሮ ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት ዘመን፥ በ1952 እና በ1953 ዓ.ም.፥ የኢጣልያ ጠላቂዎች ጓድ ወደዚያው መጥቶ ነበር። ከጓዱ አንዱ የነበረው ፎልኮ ኲሊቺ በባሕሩ ሥር ያነሣው «ስድስተኛው ክፍለ ዓለም» የተባለ ፊልም በ1954 ዓ.ም. ታየ። ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ ያ ባሕር የነጻይቱ ኤርትራ ነው።

የዚያን ዘመን ጠላቂዎች የያዙትን ስናይ ግን እንገረማለን። በአንድ እጅ ካሜራ ቢኖር በሌላው የዓሣ ጦር አለ። ኩስቶ ራሱ «የዝምታው ዓለም» በተባለው፥ በ1956 ዓ.ም. በካን ታላቁን ሽልማት ባገኘው ፊልሙ ውስጥ፥ ዓሦቹን ለመቍጠር ሲል የባሕር ዛጎል አለት በድማሚት ሲያስፈነዳ ይታያል። ይኸው ሰው በኋላ ዘመኑን የፈጸመው ባሕር ይጠበቅ እያለ በመስበክ ነው። ለመለወጡ ምክንያት የሆነው ሌላ አይደለም፤ በየዓመቱ ወደዚያው ስፍራ እየተመለሰ በመጥለቁ፥ የነበረው እንደሌለ በገዛ ዐይኑ አየ።

በዚያ ባሕር የዓሣ ጦርን መከራ ከቀመሱት አንዱ ሜሩ የሚባለው ትልቅ ዓሣ ነው። ሜሩ በአለት ዋሻ ውስጥ ይኖራል፤ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ሊደርስ ይችላል። ሁሉም ሴት ሆነው ይወለዳሉ፤ አድገው ሸምግለው ነው ከመካከላቸው ወንድ የሚሆኑት። እንግዲህ አዳኝ ትልቁን መርጦ ሲገድል የሚገድለው አባቱን ነው። ከዚህም በላይ ሜሩ ሰውን ስለማይፈራ ማን መጣ ብሎ ከዋሻው ብቅ ይላል። በፈረንሳይ ዳርቻ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊጠፋ የተቃረበው በዚህ የዋህነቱ ነው።

በ1963 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ፖር ክሮ የምትባለውን አለታማ ደሴት፥ በዙሪያዋ ካለው 600 ሜትር ስፋት ያለው ባሕር ጋር፥ ብሔራዊ ፓርክ አደረጋት። በአውሮጳ ባሕርን ከምድር ጋር አጥሮ በመጠበቅ ቀዳሚ ናት። የዓሣ ጦር ተከለከለ። በኋላም ሜሩን በጦር መውጋት በ1993 ዓ.ም. በሜዲተራኒያን የፈረንሳይ ዳርቻ ሁሉ ታገደ። መጥለቅ ግን አልተከለከለም፤ ደንብ ወጣለት እንጂ። ጠላቂው ምንም አይነካም፥ ምንም አያነሣም። ጀልባው መልሕቁን በባሕር ሣር ላይ እንዳይጥል ማሰሪያ ተንሳፋፊዎች ተተከሉለት። ይህ ሣር ፖሲዶኒያ ይባላል፤ እንደ ምድር ተክል ያብባል፥ የዓሣ ጫጩቶችን ያሳድጋል፤ ሥሩ ግን በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሣንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፥ መልሕቅ በአንድ ቀን የነቀለውን ለመተካት ዘመናት ይፈጃል።

ዛሬ ከደሴቲቱ አጠገብ ባለው የጋቢኒዬር አለት ሥር የሚጠልቅ ሰው፥ ገደሉን ተከትሎ ሲወርድ ቀዩ ቀለም ቀስ በቀስ እየጠፋ፥ ሁሉ ነገር ሰማያዊ እየሆነ ይሄዳል። ጣቱን ቢቈስል ደሙ አረንጓዴ ይመስለዋል። መብራቱን ሲያበራ ግን ግራጫ የነበረው አለት በቀይና በብጫ ያሸበርቃል። ከዋሻውም ሜሩ ብቅ ብሎ ያየዋል። አንድ ጊዜ ጥቂቶች ብቻ ቀርተው የነበሩት በደሴቲቱ ዙሪያ ዛሬ በመቶዎች ይቈጠራሉ። ማንም ከሌላ ስፍራ አምጥቶ አልጨመራቸውም፤ ብቻ አልነኳቸውም።

በመጀመሪያ እንዲህ ያለው ጥብቅ ስፍራ በዓሣ አጥማጆች ዘንድ ሁሉ አይወደድም፤ «የአባቶቻችንን ባሕር ዘጉብን» ይላሉ፤ ቅሬታቸውም ከንቱ አይደለም፤ የዛሬ እራታቸው ነውና። ቢሆንም ዓሣ አጥር አያውቅም። በጥብቁ ስፍራ ያረጀችው ትልቅ ዓሣ ከትንሿ ይልቅ እጅግ ብዙ እንቍላል ትጥላለች፤ እንቍላሉን ማዕበል ወደ ውጭ ይወስደዋል፤ የጠገቡትም ዓሦች ከክልሉ እየወጡ በአጥማጁ መረብ ይገባሉ። ሳይነካ የተቀመጠው ስፍራ ለተነካው ዘር ይሆነዋል።

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያዩ አለ። ሶር የሚቀላቀለው የገባ ወንዝ በያዩ ደን መካከል ያልፋል። የያዩ የቡና ደን በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዘገበ። ስፋቱ 167,021 ሄክታር ሲሆን በሦስት ተከፍሎአል፤ 27,733 ሄክታር የሚሆነው እምብርቱ የማይነካ ነው፤ በዙሪያው ያለው 21,552 ሄክታር ሰው ቡና እየለቀመና ማር እየቈረጠ ደኑን ሳያፈርስ የሚጠቀምበት ነው፤ የቀረው 117,736 ሄክታር የእርሻና የመኖሪያ ምድር ነው። ጠላቂ ቢያየው ደንቡን ያውቀዋል፤ መንካት የማይቻልበት፥ በመጠን የሚነካበት፥ ሰው የሚኖርበት።

በዚያ እምብርት ውስጥ ያለው ሀብት የዱር ቡና ነው። ዋጋውን ለመረዳት አንድ ታሪክ ይበቃል። በ1971 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ የሚባለው ሻጋታ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ጠቍሮ ይደርቅ ጀመር፤ የገበሬውም የዓመት ተስፋ ከቅርንጫፉ ላይ ጠፋ። የጅማ የእርሻ ምርምር ባለሙያዎች መድኀኒቱን የፈለጉት በፋብሪካ ሳይሆን በደቡብ ምዕራብ ደኖች ነበር፤ በሽታው አልፎ ያልነካቸውን ዛፎች አንድ በአንድ መረጡ። በ1974 ዓ.ም. ከተመረጡት መካከል 74110 እና 74112 የተባሉት እናት ዛፎቻቸው የተገኙት እዚሁ በመቱ አካባቢ፥ ቢሻሪ በሚባል መንደር ነው። ቍጥሩ ራሱ የተመረጡበትን ዓመት ይናገራል። ዛሬ እነዚህ ዝርያዎች በሲዳማና በጌዴኦ ሳይቀር ይበቅላሉ። በእኛም የተፈጸመው በፖር ክሮ የሆነው ነው፤ ደኑ ያስቀመጠው ለእርሻው ዘር ሆነው።

ያ ደን በዚያ ዘመን ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮስ? ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም። በያዩ ምድር ሥር የድንጋይ ከሰል አለ፤ በእርሱ ላይ የተመሠረተ የማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታም ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ተጀምሮ ነበር። ማዳበሪያ ለገበሬ እንደሚያስፈልግ የማያውቅ የለም። ደኑም ያስፈልገዋል። ከጥብቁ እምብርት ዳር የሚኖር ገበሬ ልጁን ትምህርት ቤት ለመላክ አንድ ዛፍ ቢቈርጥ ወንጀለኛ የሚባል ከሆነ፥ ደኑን የጠበቀበትን ዋጋ በቡናውና በማሩ በኩል ማግኘት ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ነገር በየወረዳው ጽሕፈት ቤት በወረቀት ላይ የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ካርታውን ሲያይ አረንጓዴ ቀለም ብቻ ከታየው፥ ድማሚት እንደ ያዘው ጠላቂ ገና አላየም ማለት ነው።

ለተማሪው የተላከ መልስ

ወንድሜ ሆይ፥ ከሶር ፏፏቴ ሥር ምን አለ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ወለል አለው። ወለሉ ላይ ያለው ድንጋይ ነው ወይስ ጭቃ የሚለው ግን የሚወሰነው ከሥር ሳይሆን ከላይ ነው። ከፏፏቴው በላይ ያለው ደን የክረምቱን ዝናም በቅጠሉ ተቀብሎ፥ በሥሩ አጣርቶ እስከ ሰጠ ድረስ፥ በበጋ ውሃው ይጠራል፤ ድንጋዩም እንደ ታጠበ ይኖራል። ደኑ በተመነጠረ ዓመት ግን ዝናሙ አፈሩን ይዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሽማግሌዎቹ ቃል እውነት ይሆናል፥ ወለሉ አይታይም።

ለጓደኛህም ይህን ንገርልኝ። ጕብዝናውን አልናቅሁበትም። ነገር ግን ከፏፏቴው እግር እንዳይገባ። መዋኘት ከፈለገ ከሚያውቅ ሰው ጋር፥ በጸጥተኛ ውሃ ይማር፤ ዕድል ቀንቶት ጅቡቲ ቢደርስ ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፥ ሰው የማይነካ ትልቅ ዓሣ ሲያልፍ በመነጽር ያያል። እስከዚያው ግን ከሶር ሥር አፈር ይዤ እወጣለሁ ማለቱን ትቶ፥ አፈሩ ወደ ሶር እንዳይወርድ ከአፋፉ በላይ አንድ ቀረሮ ቢተክል፥ እኔ ከጠላቂዎች ሁሉ አስበልጬ አከብረዋለሁ።